አለት ላይ ነን?

የተከበራችሁ የከላላ፣ የወግዲ፣ የቦረና፣ የለጋምቦና የጃማ ወገኖቼ፤ ሸኾችና ቀሳውስት፣ እናቶችና አባቶች፣ መምህራን፣ በተለይም ደግሞ ከፊት እንድትቀመጡልኝ የለመንኳችሁ ግንበኞችና አናጺዎች፦

ነገሬን ከአንድ ሌሊት እጀምራለሁ። ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም፣ ለሌሊቱ 10 ሰዓት ጥቂት ደቂቃ ሲቀር፣ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ተኝቼ ነበር። የቀሰቀሰኝ የቁም ሣጥኑ በር ነው፤ ማንም ሳይነካው ይንኳኳል። ቀጥሎ አልጋው ተወዘወዘ። የስልኬን መብራት አብርቼ ስነሣ ዓይኔ መጀመሪያ ያረፈው ማታ ውኃ ሞልቼ በር ሥር ባቆምኩት ባልዲ ላይ ነበር። ውኃው ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ እየተላጋ በአፉ ይፈስሳል። ባልዲው ግን ከተቀመጠበት ፈቀቅ አላለም። ልጆቹን በብርድ ልብስ ጠቅልለን በደረጃው ወረድን። ያ ሩጫ ስህተት ነበር፤ ለምን እንደሆነ ወደ በኋላ እነግራችኋለሁ። ግቢው ጋቢ በተከናነበ ሰው ተሞልቶ ነጋ። አንዱ «እግዚኦ» ይላል፣ ሌላው ዱዓ ያደርጋል፣ አንዲት እናት ደግሞ ጫማ ሳያደርግ የወረደ ልጇን እግር በነጠላዋ ትጠቀልላለች።

ገና ጎህ ሲቀድ ስልኬ ጠራ። አጎቴ ነበር፤ ከዚህ ከከላላ። «ልጄ፣ መሬት ከዳቻችሁ አሉ?» አለኝ። ደህና መሆናችንን ስነግረው ትንፋሹን ለቀቀና፣ «አብሽር! ልጆቹን ይዘህ ና። እኛ እንደሁ አለት ላይ ነን» አለኝ።

አጎቴን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ቃሉ ከልቡ ነው። እኔም ያን ጠዋት ቃሉን ሰምቼ ሆዴ ባብቷል። ነገር ግን የሙያዬ ነገር ሆኖ ከዚያ ቀን ጀምሮ ያቺ ዓረፍተ ነገር አልለቀቀችኝም። እውነት አለት ላይ ነን? ብንሆንስ አለቱ ያድነናል ወይ? ዛሬ የመጣሁት ይህን ከእናንተ ጋር ለመመርመር ነው።

መጀመሪያ ያን ሌሊት የሆነውን ልንገራችሁ። ነገሩ የጀመረው መስከረም 2017 ላይ፣ በአፋር ክልል በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ነበር። መስከረም 26 ማታ አዲስ አበባን ያስደነገጠው 4.9 የተለካው መንቀጥቀጥ የዚያ መጀመሪያ ነው። ከፈንታሌ ተራራ ሥር የቀለጠ ዓለት ወደ ላይ መውጣት አቅቶት በጎን በኩል እየሰነጠቀ ወደ ዶፈን ተራራ አቅጣጫ ተጓዘ። በሄደ ቁጥር መሬቱን ይሰብራል፤ እያንዳንዱ ስብራት አንድ መንቀጥቀጥ ነው። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ በቀን ብዙ ጊዜ ይመጣ ጀመር። ከ4 በላይ የተለኩት ብቻ ከመቶ በላይ ናቸው። እኔን የቀሰቀሰኝ ወደ 5.8 የሚጠጋ ነበር። በዚያው ሰሞን ዶፈን አጠገብ መሬት ተከፍቶ እንፋሎትና ጭቃ በኃይል ሲተፋ ሁላችሁም በስልካችሁ አይታችኋል። የካቲት 7 እኩለ ሌሊት ሊሆን ሲል 6.0 መጣ። ይህ መለኪያ እንደ ሜትር አይደለም፤ ቁጥሩ በ1 ከፍ ሲል የሚለቀቀው ኃይል 32 እጥፍ ያህል ያድጋል።

ወደ 80 ሺህ የሚሆን ሕዝብ ከቀዬው እንዲነሣ ተደረገ። እዚያ ያለው ወገናችን ለወራት ከመንቀጥቀጥ ጋር ተኛ፣ ከመንቀጥቀጥ ጋር ተነሣ። በዚያ ሁሉ ውስጥ ልብ ያልኩት አንድ ነገር አለ። የብሎኬቱና የድንጋዩ ቤት ሲሰነጠቅና ሲፈርስ፣ አፋሮች በቀጫጭን እንጨትና በሰሌን የሚሠሩት ዳቦይታ ግን ይወዛወዝና ተመልሶ ይቆማል። ቢወድቅ እንኳ ሰው አይገድልም፤ ክብደት የለውማ። ይህን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ እኛ ደጋ እንምጣ። ይህ የቆምንበት አምባ የተሠራው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። ከመሬት ስንጥቅ የፈሰሰ ቅልጥ ዓለት፣ አንዱ በአንዱ ላይ እየተነባበረ፣ በየቦታው እስከ 2 ኪሎ ሜትር የሚደርስ ውፍረት ያለው ጥቁር ድንጋይ ሆኖ ረጋ። ጉጉፍቱን የምታውቁ፣ እርሱ ራሱ ከዚያ በኋላ፣ የዛሬ 20 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የተከመረ የጥንት እሳተ ገሞራ ነው። ከመካነ ሰላም ወደ ጉንደወይን አባይን ስትሻገሩ ገደሉን አስተውላችሁት ከሆነ፣ ጥቁሩ ድንጋይ እንደ ደረጃ ተደርቦ ታያላችሁ፤ ከሥሩ ደግሞ ነጣ ያለው የኖራ ድንጋይና ቀላ ያለው አሸዋ ድንጋይ ይመጣል። ስለዚህ አጎቴ በዚህ በኩል ልክ ነው። ከሥራችን አለት አለ። የምድር ስንጥቁም በእኛ መንደር ውስጥ አያልፍም።

በስተምሥራቅ በኩል ግን ይህ አምባ ድንገት ያልቃል። ደሴን አልፈን ወደ ኮምቦልቻ፣ ወደ ቦርከና ሸለቆ፣ ወደ ከሚሴ ስንወርድ የምንወርደው ተራ ቁልቁለት አይደለም። የአንድ አህጉር ጠርዝ ነው። ከዚያ ወዲያ ምድር እየተሳሳበች ትለያያለች። በዋናው ስምጥ ሸለቆ በዓመት ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር፣ ወደ አፋርና ቀይ ባሕር ሲሄዱ ደግሞ ከዚያ እጅግ ይበልጣል። ሚሊ ሜትር ሲባል የምንንቀው እንዳይሆን፤ በ1998 ዓ.ም መስከረም አፋር ውስጥ ዳባሁ ላይ 60 ኪሎ ሜትር የሚረዝም መሬት በጥቂት ቀናት ውስጥ ተተርትሮ፣ አንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ተራርቋል። ብዙ ዘመን የተጠራቀመው በአንድ ጊዜ ተከፈለ።

ከላላ ከዚያ ጠርዝ በአየር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው። ሽማግሌዎች ሆይ፣ በ1953 ዓ.ም ግንቦት መጨረሻ ላይ የሆነውን ከወላጆቹ የሰማ፣ ወይም ልጅ ሆኖ የሚያስታውስ ከመካከላችሁ ካለ ስንጨርስ ያናግረኝ፤ ደብተር ይዣለሁ። በወሎና በሸዋ ድንበር፣ ካራ ቆሬ ላይ መሬት ተናወጠች። ከሁሉ የከበደው 6.5 አካባቢ ይገመታል። ማጀቴ ከተማ ፈረሰች፤ ካራ ቆሬ ላይ ከቤቱ ግማሽ የሚጠጋው ወደቀ፤ የአውራ ጎዳናው አስፋልት ተሰነጠቀ፤ አዲስ አበባም ተንቀጠቀጠች። መንቀጥቀጡም በአንድ ቀን አላበቃም፤ ለወራት ቀጠለ። ይህን ዛሬ በዝርዝር የምናውቀው ፒየር ጉዌን በተባሉ ካናዳዊ ኢየሱሳዊ ካህን ትጋት ነው። በ1950 ዓ.ም አካባቢ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ውስጥ የምድር መንቀጥቀጥ መለኪያ ጣቢያ ያቋቋሙት እርሳቸው ናቸው። በኋላም የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመንቀጥቀጥ ታሪክ፣ ከዜና መዋዕሉም ከመንገደኞች ማስታወሻም ለቅመው፣ በ1979 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በመጽሐፍ አሳተሙት። እኛ የረሳነውን አንድ ካህን ጻፈልን ማለት ነው።

አንድ ሌላም ልጨምር፤ በሁኔታው ከካራ ቆሬም ይልቅ እኛን የሚመስለው እርሱ ነውና። በ1835 ዓ.ም፣ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ አንኮበር በመንቀጥቀጥ ተመታች። አንኮበርም እንደ እኛ ደጋ ናት፤ እንደ እኛ ገደል አፋፍ ላይ ናት፤ እንደ እኛ «አለት ላይ ነን» ትል ነበር። ከባድ ዝናብ አፈሩን አርሶት ነበርና ተራራው ተንዶ ቤቱን ከነሰዉ ይዞ ወረደ። ያጠፋው ናዳው ነው።

እንግዲህ «አለት ላይ ነን» የሚለውን ቃል በሁለት እንክፈለው። የመጀመሪያው ጥያቄ፦ ቤታችሁ በእርግጥ የቆመው አለቱ ላይ ነው? ከመካከላችሁ መሠረት ያስቆፈረ ሁሉ መልሱን ያውቃል። ብዙው ቤታችን ያረፈው ዋልካ ላይ ነው። ዋልካ ክረምት ሲጠጣ ያብጣል፣ በጋ ሲደርቅ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። ምንም መንቀጥቀጥ ሳይኖር ግድግዳችንን በየዓመቱ የሚያላቅቀው እርሱ ነው። መንቀጥቀጥ ሲመጣ ደግሞ ልልና ወፍራም አፈር ከአለት ይልቅ ይርገበገባል። የነገርኳችሁን ባልዲ አስታውሱት፤ ባልዲው ቆሞ ውኃው ነበር የሚዘለው። አለቱ እንደ ባልዲው ነው፤ ዋልካው እንደ ውኃው።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ አለቱ ላይ የቆመው ቤት ምንድን ነው?

እዚህ ላይ ሩቅ አገር ልወስዳችሁ ነው። ሕንድ ውስጥ ላቱር የሚባል አውራጃ አለ። አገሩን ብታዩት ከላላን ባያችሁ ነበር። ልክ እንደ እኛ ተደራርቦ በረጋ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ የተኛ አምባ ነው። አፈሩ ጥቁር ዋልካ ነው። ገበሬው ከማሳው የለቀመውን ድንጋይ በጭቃ እያያዘ ወፍራም ግድግዳ ይሠራል። የምድር ጠርዝ ከእነርሱም ሩቅ ነው፤ እንዲያውም የመንግሥታቸው የመንቀጥቀጥ ካርታ አገሩን ከሁሉ ዝቅተኛው የአደጋ ክልል ውስጥ ነበር ያስቀመጠው። «አለት ላይ ነን» ብለው ተኙ። መስከረም 20 ቀን 1986 ዓ.ም፣ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ፣ በዓላቸውን አክብረው አምሽተው በተኙበት፣ 6.2 መጣ። ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ አለቀ። ዓለም ላይ 6.2 የሚለካ መንቀጥቀጥ በየዓመቱ ብዙ ጊዜ ይከሰታል፤ በአብዛኛው ማንንም ሳይገድል ያልፋል። እዚያ የጨረሳቸው ግድግዳቸው ነው። የጣሪያቸው ደግሞ ባሰ፤ ከብርድና ከሙቀት እንዲከልል በእንጨት ላይ ወፍራም አፈር ይከምሩበት ነበር።

ልብ በሉ፤ እኛ ዘንድ 6.2 ነገ ይመጣል እያልኩ አይደለም። ቀንና ሰዓት ቆርጦ የሚነግራችሁን ሰው አትመኑት። በ2017ቱ መንቀጥቀጥ ጊዜ «ዛሬ ሌሊት በዚህ ሰዓት ትልቁ ይመጣል» የሚል መልእክት ከስልክ ወደ ስልክ እየዞረ ስንቱን ሜዳ አሳደረው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር አታላይ አየለን የመሰሉ፣ ዕድሜያቸውን በዚህ ጥናት ያሳለፉ ምሁራን ደጋግመው እንደተናገሩት፣ መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ መሣሪያ በዓለም ላይ የለም። ስለዚህ ፍርሃታችንን «መቼ» ላይ አናባክነው። «መቼ»ን ለፈጣሪ እንተውና እኛ «የት»ን እንያዝ፤ የትኛው ግድግዳ፣ የትኛው ማዕዘን፣ የትኛው ተዳፋት።

ባለፈው በጋ መጥቼ አጎቴ ቤት ሰነበትኩ። ቤቱን አባቱ ናቸው ያሠሩት፤ ድንጋይ በጭቃ፣ ጣሪያው ፊት ሣር የነበረ፣ ኋላ ቆርቆሮ የለበሰ። ግድግዳውን በክንዴ ለካሁት፤ አንድ ክንድ ከስንዝር ይሆናል። «ይህ ምሽግ ነው፤ ምን ይጥለዋል?» አለኝ። በሰሜን በኩል ዞርን። እዚያ ግድግዳው ከወገቡ ላይ ሆድ አውጥቷል። የተላቀቀች ድንጋይ አግኝቼ ስስባት ወጣች፤ በቀዳዳው የእጄን ባትሪ አበራሁ። በውስጥ የሚታየው ምንድን ነው? ጠጠርና ትቢያ። ያ ወፍራም ግድግዳ አንድ ግድግዳ አይደለም። ሁለት ቀጫጭን ግድግዳዎች ናቸው፤ አንዱ ወደ ቤት፣ አንዱ ወደ ደጅ ፊቱን ያዞረ፣ በመካከላቸው ስብርባሪ የተሞላ። ጭቃው ሲደርቅ ዱቄት ሆኗል። ሲወዛወዝ መሐል ያለው ጠጠር ወደ ታች ይሰምጥና እንደ ሽብልቅ ሁለቱን ይፈለቅቃቸዋል። የውጪው ወደ ውጪ ይወድቃል፤ የውስጡ ወደ ተኛው ሰው።

አጎቴ ዝም ብሎ ቀዳዳዋን አየ። ከዚያ «እና ምን ይሻላል?» አለኝ። ይህች ጥያቄ ናት የዛሬውን ንግግር የወለደችው።

ግንበኞች፣ አሁን ለእናንተ ነው የምናገረው። ከሕንዱ ጥፋት በኋላ መሐንዲሶች ቤት ለቤት ዞረው የደረሱበት መፍትሔ ብረትና ሲሚንቶ ብቻ አልነበረም። አንደኛው ማሰሪያ ድንጋይ ነው። የግድግዳውን ውፍረት ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጥ ረጅም ድንጋይ፣ ወደ ላይ በየ60 ሳንቲ ሜትሩ፣ ወደ ጎን በየ1 ሜትር ከ20ው ማስገባት። ሁለቱን ፊት የሚሰፋው እርሱ ነው። ረጅም ድንጋይ ከጠፋ ወይራ ወይም ጥድ፣ ዳር እስከ ዳር የሚደርስ፣ ያገለግላል። ማዕዘን ላይ ረጃጅሙን ድንጋይ አንዱን ወደዚህ፣ ቀጣዩን ወደዚያ እያፈራረቃችሁ አስተኙ። ጥሩ ድንጋያችሁን ለፊት ለፊቱ ውበት አትጨርሱት፤ ለማዕዘኑ አስቀምጡለት። መንቀጥቀጥ መጀመሪያ የሚከፍተው ማዕዘንን ነው። አያቶቻችን ይሠሩት የነበረው ክብ ጎጆ በዚህ በኩል ዕድለኛ ነው፤ የሚከፈት ማዕዘን የለውም። ቆርቆሮ መጣና ቤቱ አራት ማዕዘን ሆነ፤ ቅርጹን ስንቀይር አሠራሩን አብረን አልቀየርንም።

ሁለተኛው መቀነት ነው። ከበሩና ከመስኮቱ ጉበን ላይ፣ ግድግዳውን ዙሪያውን የሚያስር፣ በየማዕዘኑ የተቆላለፈ፣ በውስጥና በውጪ ሁለት ሆኖ በአጫጭር እንጨት እንደ መሰላል የተያያዘ የእንጨት መታጠቂያ። ከተቻለ ጣሪያው የሚያርፍበት ላይ ሌላ ይደገማል። አቅም ያለው በፌሮና በኮንክሪት ይሥራው። የሌለው ባሕር ዛፍ ልጦ፣ በደንብ አድርቆ፣ የተቃጠለ ዘይት ቀብቶ ይጠቀም። እናቶቻችን ሸክም ሲያነሡ፣ ሲወልዱም ሲያርሱም ወገባቸውን የሚታጠቁት ለጌጥ አይደለም። ቤትም እንዲሁ ነው።

ይህ ከሕንድ የመጣ ብልሃት እንዳይመስላችሁ። ላስታ ሂዱና በዋሻ ውስጥ ያለውን የይምርሐነ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን እዩ። ከ800 ዓመት በላይ ሆኖታል። ግድግዳው አንድ ረድፍ ድንጋይ፣ አንድ ረድፍ አግዳሚ እንጨት፣ እንደገና ድንጋይ፣ እንደገና እንጨት ነው። ደብረ ዳሞ ላይ ደግሞ አግዳሚዎቹን የሚያስሩት አቋራጭ እንጨቶች ጫፋቸው ከግድግዳው ወጥቶ ይታያል። ሁለቱም በአንድ ሥርዓት ነው የተሠሩት፤ ከአክሱም የተወረሰ ጥበብ ነው። መንቀጥቀጥን አስበው ይሁን አይሁን እነርሱ ናቸው የሚያውቁት፤ ሥራው ግን እኔ ዛሬ ከምለምናችሁ ጋር አንድ ነው። ማሰሪያውም መቀነቱም በገዛ አገራችን ነበረ፤ ከእጃችን የወጣው መቼ እንደሆነ እንጃ!

ጣሪያን በሚመለከት፣ ያዙልኝ ያልኳችሁን ዳቦይታ አስታውሱ፤ ቆርቆሮ ባለውለታችን ነው፤ ቀላል ነውና። ነገር ግን ነፋስ እንዳይገልበው ብለን ድንጋይ እንጭንበታለን። በተለይ በበሩ በላይ ያለውን አውርዱት፤ ሰው ደንግጦ የሚወጣው በዚያ በር ነው፣ ድንጋዩም የሚወርደው በዚያው። ቆጥ ላይ የምናስቀምጠውን የእህል ጆንያና የወፍጮ ድንጋይም ከመኝታ በላይ አታድርጉት። ይህ ምንም ወጪ የለበትም። የዛሬ ማታ ሥራ ነው።

በከተማችን እየተሠሩ ስላሉት ፎቆች በአጭሩ ልናገር። አገራችን ከ1970 ዓ.ም ገደማ ጀምሮ የግንባታ ደንብ አላት፤ ደጋግሞ ተሻሽሏል፣ ስለ መንቀጥቀጥም ጥሩ አድርጎ ይናገራል። በ2001 ዓ.ም የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ግን ዓይኑን የጣለው 10 ሺህና ከዚያ በላይ ነዋሪ ባላቸው ከተሞች ላይ ነበር። የአጎቴን ቤት መሐንዲስ መጥቶ እንዲያይለት የሚያደርግ ሕግ አልነበረም። በከተማውም ቢሆን ደንቡ መደርደሪያ ላይ ሆኖ ሕንፃው በልማድ ሲሠራ አይቻለሁ። ምሰሶና አግዳሚ በሚገናኙበት ቦታ ፌሮውን ዙሪያውን የሚያስረው ስታፋ መጠጋጋት አለበት፤ ጫፉም ወደ ውስጥ መታጠፍ አለበት። ፌሮ ሠሪዎች ይህ ለእናንተ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ቦታው ጠባብ ስለሆነ ስታፋውን መዝለል ይቀናል። እዚያች ዘልለን ባለፍናት ቦታ ላይ ነው ፎቅ የሚቀመጠው። ምድር ቤቱን ለሱቅ ብሎ ግድግዳ የነሣ፣ ከላይ ግን በብሎኬት የከበደ ሕንፃ ደግሞ እግሩ የቀጠነ ሰው ነው።

ወደ ተዳፋቱ ልመለስ። ወለቃ፣ ጃማ፣ በሽሎ፣ አባይ ዙሪያችንን ቆፍረውናል። በአምባው ጠርዝ ላይና ከአምባው ሥር ብዙ መንደር አለን። ሐምሌ 2016 ዓ.ም ገዜ ጎፋ ላይ የወረደውን ናዳ አትረሱም። ዝናብ ብቻ ነበር፤ መንቀጥቀጥ አልነበረም። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ከሁሉ አንጀቴን የበላው ግን ብዙዎቹ የሞቱት የመጀመሪያው ናዳ የቀበራቸውን ጎረቤቶቻቸውን ሊያወጡ ሮጠው፣ ሁለተኛው ናዳ ደርሶባቸው መሆኑ ነው። ወገኖቼ፣ ደግነታችን እንዳይገድለን። ናዳ በወረደበት ቦታ ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት አንድ ሁለት ዓይናማ ሰው ከላይ ያለውን ጠርዝ እያየ እንዲጮህ ይቁም። ከአፋፉ ወዲህ አዲስ የመሬት ስንጥቅ ካያችሁና ቅርጹ እንደ ማጭድ የጎበጠ ከሆነ ያ መሬት ለመሄድ ተነሥቷል። ውኃ እንዳይገባበት ከላይ በኩል ቦይ ቅደዱለት፣ ከሥሩ ያለውን ሰው አስነሡ፣ ለወረዳው ተናገሩ። ክረምት ላይ መንቀጥቀጥ ከተሰማችሁ ደግሞ እንደ አንኮበር መሆኑን አስቡ።

አሁን የገባሁትን ቃል ልፈጽም፤ ያ በደረጃ የሮጥኩት ሩጫ ለምን ስህተት ሆነ? ፎቅ ላይ ያለ ሰው ሲወዛወዝ ደረጃ ላይ ከተገኘ ወይ ይወድቃል ወይ ይረጋገጣል። መቆየት፣ ጎንበስ ማለት፣ ከጠንካራ ጠረጴዛ ወይም ከአልጋ ሥር ገብቶ እግሩን አጥብቆ መያዝ፣ ጭንቅላትን በክንድ መሸፈን፣ እስኪያበቃ መጠበቅ፣ ከዚያ መውረድ ይሻላል። ብዙ ጊዜ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። የእኛ የድንጋይ ቤት ግን ሌላ ነው። በሩ ሁለት ሦስት እርምጃ ከሆነ ውጡ፤ ወጥታችሁም ከግድግዳው ሥር አትቁሙ፣ ወደ ሜዳው ዘልቃችሁ ሂዱ። ወደ ገደሉ አፋፍ አትሩጡ። በሩ ሩቅ ከሆነ አልጋው ሥር ይሻላል። ምድጃ ላይ ፍም ካለ መንቀጥቀጡ እንዳበቃ አመድ አልብሱት፤ ከመንቀጥቀጥ ቀጥሎ የሚገድለው እሳት ነው። ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ውስጥ ሕዝቡ ሞልቶ ሳለ ቢመጣ የሚያስተባብረው ካህኑና ኢማሙ ነው፤ እናንተ ከተረጋጋችሁ ሕዝቡ አይረጋገጥም። ልጆችም ይህን ትምህርት ቤት ውስጥ በጨዋታ መልክ ይለማመዱት። ከዴስካቸው ሥር መግባትን አንድ ቀን ያስተማርኳቸው ሕፃናት ሳቁ፤ በሦስተኛው ሙከራ ግን ሃያ እስክቆጥር አንዳቸውም አልቀሩም።

ስለ ትምህርት ቤት ከተነሣ፤ ኔፓል የሚባለው ተራራማ አገር በሚያዝያ 2007 ዓ.ም 7.8 በሚለካ መንቀጥቀጥ ተመታ። 9 ሺህ ገደማ ሰው ሞተ። በሺዎች የሚቆጠሩ የመማሪያ ክፍሎች፣ ብዙዎቹ እንደ እኛ ድንጋይ በጭቃ የሆኑ፣ ፈረሱ። ቀኑ ቅዳሜ ስለነበር ክፍሎቹ ባዶ ነበሩ። ማክሰኞ ቢሆን ኖሮ ምን ይባል እንደነበር ማሰቡ ይከብደኛል። እኛ ቅዳሜ ይሆንልናል ብለን ልጆቻችንን አንልክም።

ታዲያ ይህን ማን ይሥራው? መንግሥት የድርሻው አለው፤ እንጠይቀዋለንም። ወሎ ግን ከመንግሥት በፊት ቅሬ አለው። ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክል፣ መቃብር የሚቆፍር፣ ለቅሶ ቤት ውኃ የሚቀዳ፣ ሙስሊምና ክርስቲያኑን በአንድ መዝገብ የጻፈ ቅሬ። ይህ ማኅበር ለሙት ያለውን ጉልበት ለቁም ሰው ያውለው። ቅሬው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ከመኸር በኋላ፣ የአባላቱን ቤት ይዙር። ሆድ ያወጣውን ግድግዳ በኖራ ምልክት ያድርግበት። የመበለቷንና የአረጋዊውን ቤት በደቦ ያስር። ሬሳ ለመሸከም ከምንሰበሰበው ግማሹ ቢመጣ በአንድ ቀን የአንድ ቤት መቀነት ይገባል። ሸኾችና ቀሳውስት ደግሞ አንድ ደብተር ክፈቱልን፤ መንቀጥቀጥ በተሰማ ቁጥር ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የተንጠለጠለው ፋኖስ ወዴት እንደተወዛወዘ፣ የቱ ግድግዳ እንደተሰነጠቀ ጻፉ። ጉዌን መጽሐፋቸውን ከእንዲህ ካለው ማስታወሻ ነው የሰበሰቡት።

አጎቴ ሰሜኑን ግድግዳ አፍርሶ እንደገና አሠርቷል። ሃያ ሁለት ማሰሪያ ድንጋይ ገብቶበታል፤ እኔው ቆጥሬያቸዋለሁ። በጉበኑ ላይ የገባውን የጥድ መቀነት መጥታችሁ እዩ፤ በሩ ክፍት ነው። ቀሪዎቹ ሦስት ግድግዳዎች ለሚቀጥለው በጋ ተቀጥረዋል።

የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት በ2 ሰዓት የትምህርት ቤቱን አሮጌ ክፍሎች ግድግዳ ለማየት እሄዳለሁ። መዶሻ፣ ገመድና ኖራ እይዛለሁ። ከየቅሬው ሁለት ሁለት ሰው፣ ከግንበኞች ደግሞ የምትችሉ ሁሉ ኑልኝ።